ያለ እሱ እንዴት ይጫወታሉ?

 የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። የሚወደው የሃርድ ሮክ ባንድ መበተኑን ሰምቶ በጣም ከፍቶታል። «ቲቸር፣ ሰው ለማያውቃቸው ሰዎች እንዲህ ያዝናል እንዴ? ጓደኞቼ እኮ ሳቁብኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ መልሴ ያው ታሪክ ነው። ለእሱ የጻፍኩለትን ሰፋ አድርጌ ለሁላችሁም አቀረብኩት። (ዓመተ ምሕረቱን «በእኛ» ካላልኩ በቀር የፈረንጆቹ ነው።)

ሌድ ዜፕሊን በ1968 እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተ ባንድ ነው። ድምፃዊው ሮበርት ፕላንት፣ ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ፣ ቤዝና ኪቦርድ የሚጫወተው ጆን ፖል ጆንስ፣ ድራም መቺው ጆን ቦንሃም። አራት ሰዎች፣ አስራ ሁለት ዓመት። በእነዚህ ዓመታት አንድም ሰው አልወጣም፣ አንድም ሰው አልገባም። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ፕላንትና ቦንሃም ባንዱ ከመመሥረቱ በፊት፣ ገና በጉርምስናቸው አብረው የተጫወቱ ጓደኛሞች ናቸው። በ1977 ባንዱ አሜሪካ እየዞረ ሳለ የፕላንት የአምስት ዓመት ልጅ ታሞ ሞተ። በዚያ ሐዘን ከአጠገቡ ያልተለየው ቦንሃም ነበር።

መስከረም 24 ቀን 1980 ለአዲስ የአሜሪካ ጉዞ ልምምድ ላይ ነበሩ። ቦንሃም ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ ዋለ። ማታ ፔጅ ቤት አስተኙት። በማግስቱ ሊቀሰቅሱት ሲሄዱ ሞቶ አገኙት። ዕድሜው 32 ነበር። ዛሬ እኔ ያለሁበት ዕድሜ አካባቢ መሆኑ ነው።

ጉዞው ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ወራት የአድናቂውን ሁኔታ አስቡት። ኢንተርኔት የለ፣ ምን የለ። ጋዜጦች «እገሌ ሊተካው ነው፣ እገሌም ታጭቷል» እያሉ የድራም መቺዎችን ስም ይደረድራሉ። ታኅሣሥ 4 ቀን አጭር መግለጫ ወጣ። ወዳጃቸውን ማጣታቸውንና ለቤተሰቡ ያላቸውን አክብሮት ጠቅሰው፣ እንደነበሩት ሆነው መቀጠል እንደማይችሉ ገለጹ። ከሥሩ የሰው ስም የለበትም፤ የባንዱ ስም ብቻ።

አድናቂው ምን አደረገ መሰላችሁ? መግለጫውን እንደ ውል ወረቀት መረመረው። «እንደነበሩት መቀጠል አይችሉም ማለት በሌላ መልክ ይቀጥላሉ ማለት ይሆን?» ሐዘንተኛ እንዲህ ነው፤ ከአንዲት ቃል ላይ ተስፋ ይለቅማል። አራት ቀን ቆይቶ ደግሞ ጆን ሌነን ኒውዮርክ ውስጥ በጥይት ተገደለ። የቢትልስን መመለስ አስር ዓመት ሲጠብቅ የኖረው ሕዝብም ተስፋው በዚያው ተቆረጠ።

«ሌላ ሰው አይቀጥሩም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሌሎቹ አድርገውታልና። ዘ ሁ የተባለው ባንድ በ1978 ድራም መቺውን ኪት ሙንን ቀበረ። እሱም 32 ዓመቱ ነበር። ሌላ ድራመር ተክተው ቀጠሉ፤ «ባንዱ ከሙን ጋር አብሮ ሞቷል» የሚል አድናቂ ግን ሞልቷል። ኤሲ ዲሲ ደግሞ በዚያው በ1980፣ በየካቲት፣ ድምፃዊውን ቦን ስኮትን አጣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብራያን ጆንሰንን አስገቡና በሐምሌ አልበም አወጡ። ሽፋኑ ጥቁር ነው፤ ለሟቹ የለበሱት ከል መሆኑ ነው። ያ አልበም በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት አንዱ ለመሆን በቃ። እነሱን «ከዳተኞች» የሚላቸው የለም፤ ሐዘናቸውን በሥራ ነው የተወጡት። ሌድ ዜፕሊኖች ግን አራቱ ካልሆኑ ሌድ ዜፕሊን የለም አሉ። ሁለቱም መንገድ ትክክል ሊሆን ይችላል። ምርጫው ግን የቀሪዎቹ እንጂ የአድናቂው አልነበረም። አድናቂውን ያንገበገበውም ይኸው ነው።

አሁን ታሪኩ ወደ እኛ ቤት ይመጣል።

በጥቅምት 1984 ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። እኛ «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» የምንለው ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 በእኛ፣ ቦብ ጌልዶፍና ጓደኞቹ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለውን ኮንሰርት አዘጋጁ። ፊላደልፊያ ስታዲየም ውስጥ ወደ 90 ሺህ ሰው ነበር። እዚያ መድረክ ላይ ሦስቱ የሌድ ዜፕሊን ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ አብረው ቆሙ። ሕዝቡ ሲያያቸው ያሰማው ጩኸት ዛሬም በቪዲዮ ሲሰማ ያስደነግጣል።

ሙዚቃው ግን አልሆነም። የፕላንት ድምፅ ሻክሯል፣ የፔጅ ጊታር ቅኝቱ ተዛብቷል። በቦንሃም ቦታ ሁለት ሰው ተቀምጧል፤ ፊል ኮሊንስና ቶኒ ቶምፕሰን። ሁለቱም አንቱ የተባሉ ናቸው፤ በቂ ልምምድ ግን አላደረጉም። በኋላ የኮንሰርቱ ዲቪዲ በ2004 ሲወጣ ባንዱ የራሱን ክፍል እንዳይካተት ከለከለ። አድናቂው አምስት ዓመት የለመነውን አገኘ፤ ያገኘው ግን የለመነውን አልነበረም።

ይህንን ቪዲዮ አንድ ቀን ለእናቴ በስልኬ አሳየኋት። እናቴ በሰባ ሰባት ከቀዬዋ ወጥታ የተሰደደች፣ ታናሽ ወንድሟን መንገድ ላይ የቀበረች ሴት ናት። የሕዝቡን ብዛት አይታ «ይሄ ሁሉ ሰው ለእኛ ብሎ ነው የተሰበሰበው?» አለችኝ።

ምን ልበላችሁ፣ መልስ አጣሁ። «አዎ» ብል ግማሽ ውሸት ነው፤ የፈረሰ ባንድ ሲነሳ ለማየት የመጣ ሰውም ነበር። «አይ» ብልም ግማሽ ውሸት ነው፤ ገንዘቡንም ሰጥቷል፣ አልቅሷልም። እንደገባኝ ነገርኳት። ድራም መቺያቸው ሞቶ እንደተበተኑ፣ ሰዉ ተመለሱ እያለ እንደለመናቸው አስረዳኋት።

«ታዲያ ያለ እሱ እንዴት ይጫወታሉ?» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።

እናቴ ሮክ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። አድናቂው ዓመታት የፈጀበት ነገር ግን በአንድ ጊዜ ገባት። በወንድሟ ቦታ ማንም አልተተካማ።

ታሪኩን ልጨርስላችሁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2007 ለአንድ ምሽት ብቻ ለንደን ላይ ተመለሱ። በእኛ ኅዳር 2000 ነው፤ እኔ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፣ ዘፈኖቻቸውንም ከዶርም ልጅ ፍላሽ የገለበጥኩት ያኔ ነው። ወደ 20 ሺህ ሰው ለሚይዝ አዳራሽ 20 ሚሊዮን የቲኬት ጥያቄ ቀረበ። ከሺህ አንድ ማለት ነው! ድራሙ ላይ የተቀመጠው የሟቹ ልጅ ጄሰን ነበር፤ አባቱ ሲሞት 14 ዓመቱ ነበር። ያ ምሽት አማረ። አድናቂውም ወዲያው «እንግዲህ ዓለምን ዙሩ!» አለ። ፕላንት እምቢ አለ፣ እምቢ እንዳለም ቀረ። እስከ ዛሬ የሚቀየሙት አሉ። እኔ ግን አልቀየመውም።

እና አንተ የጻፍክልኝ ልጅ፣ አትፈር። ስቱዲዮ ገብቶ ያላየኸው ሰው የአስራዎቹ ዕድሜህን አብሮህ ኖሯል፤ ብታዝንለት ነውር የለውም። ፊላደልፊያ ያለ ጎረምሳ አይቶት ለማያውቀው የኮረም ሕፃን ያዘነውም በዚሁ ልብ ነው፤ የተቀላቀለ ቢሆንም። ዘፈኖቹ አሉ፣ አዳምጣቸው። «ተመለሱ» ብለህ ከመጻፍህ በፊት ግን የእናቴን ጥያቄ አንዴ ጠይቅ።

እናንተስ? የትኛው ባንድ ሲበተን ከፍቷችሁ ያውቃል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። መልካም ሰንበት!