የሒጃዝ ዘውድና ሕገ መንግሥት

ዘውድ በሕግ ተወስኖ የሚኖርበት መንግሥት በዘመናችን ሁለት መልክ አለው። በአንደኛው ንጉሡ የመንግሥቱ ምልክትና የአንድነቱ ማሰሪያ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሕግ የሚያወጣው ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ነው፤ የንጉሡም ትእዛዝ ኃላፊነቱን የሚሸከም ሚኒስትር ካልፈረመበት በቀር አይጸናም። በሁለተኛው ንጉሡ ሕገ መንግሥቱን ከራሱ ፈቃድ ይሰጣል፤ አማካሪዎቹን ራሱ ይሾማል፤ የሥልጣኑንም ወሰን ራሱ ይተክላል። ሁለቱም በወረቀት ላይ ሲነበቡ ይመሳሰላሉ። የሚለያዩት ንጉሡን «ይህ አይሆንም» ለማለት የሚችል ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ነው።

ንጉሥ ከሕግ በታች ነው የሚለው ትምህርት ለሐበሻም ሆነ ለዓረብ እንግዳ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በ17ኛው ምዕራፍ ንጉሥ በዙፋኑ በተቀመጠ ጊዜ የሕጉን ግልባጭ ለራሱ እንዲያጽፍ ያዝዛል። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዓረብኛ ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ነገሥታት የሚናገር አንቀጽ አለው። በእስላሞችም ዘንድ ንጉሥ ለሸሪዓ እንዲገዛ ግዴታ አለበት። አዲስ የሆነው ነገር ይህን ሕግ በንጉሡ ላይ የሚያስከብር፣ ከንጉሡ ፈቃድ ውጭ የቆመ ጉባኤ መፈለጉ ነው። ይህም ጥያቄ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በጅዳና በመካ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዴት እንደ ተነሣና እንዴት እንደ ወደቀ መመርመር ይጠቅማል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የመካው ሸሪፍ ሁሴን ኢብን ዓሊ በ1916 በቱርክ መንግሥት ላይ ተነሥተው ራሳቸውን የዓረብ አገሮች ንጉሥ አሰኙ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ግን የሒጃዝ ንጉሥ ከመባል በላይ አላወቁላቸውም። ንጉሥ ሁሴን የመንግሥቱን ሥራ ትልቁንም ትንሹንም በእጃቸው የያዙ፣ ምክር የማይቀበሉ ሰው ነበሩ። በመጋቢት 1924 ቱርኮች የኸሊፋነትን ማዕረግ በሻሩ ጊዜ ማዕረጉን ለራሳቸው ወሰዱ፤ በዚህም በእስላሙ ዓለም ካገኙት ወዳጅ ያተረፉት ጠላት በለጠ። በዚያው ዓመት በመስከረም የነጅዱ ገዢ የዐብዱልዓዚዝ ኢብን ሰዑድ ሠራዊት ጣኢፍን ያዘ፤ ብዙ ሰውም ተገደለ።

በዚህ ጊዜ የጅዳና የመካ ታላላቆች በጅዳ ተሰበሰቡ። ስብሰባው በዚያች ከተማ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። መካ እስላም ላልሆነ ሰው የተዘጋች ስለ ሆነች የውጭ አገር ቆንስሎች የሚቀመጡት በጅዳ ነበር፤ ነጋዴው ከህንድ፣ ከግብፅና ከምጽዋ ጋር ይገበያይ ነበር፤ የመንግሥቱም ገቢ የጉምሩክ ቀረጥና ከሐጅ ተጓዦች የሚገኘው ገንዘብ ነበር። ስለዚህ የጅዳ ነጋዴ ሌሎች አገሮች እንዴት እንደሚተዳደሩ የሚያይ፣ የራሱ መንግሥት ሲወድቅም አስቀድሞ የሚከስር ሰው ነው።

ታላላቆቹ የሒጃዝ ብሔራዊ ማኅበር የሚባል አቁመው ንጉሡ ዘውዱን ለልጃቸው ለዓሊ እንዲለቁ ጠየቁ። ንጉሥ ሁሴን በጥቅምት መጀመሪያ 1924 ለቀቁ። ዓሊ የነገሡት ግን እንደ አባታቸው አልነበረም። ንጉሥነታቸው በሒጃዝ ብቻ የተወሰነ እንዲሆን፣ በሕገ መንግሥትና በምክር ቤትም እንዲታሰር ቃል ተቀብለውባቸዋል። በዚያች አገር ታሪክ ዘውድ ከተገዢዎች እጅ ውል ተጽፎበት ሲሰጥ የታየው በዚያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህም ጥቂት ሰዎች በጭንቅ ቀን ያደረጉት ነው ብሎ ማቃለል አይገባም።

ነገር ግን ውሉ የመጣው ከተማይቱ ልትከበብ በተቃረበችበት ሰዓት ነበር። ንጉሥ ዓሊ ከመካ ወደ ጅዳ ወረዱ፤ የነጅድ ሰዎችም በዚያው በጥቅምት ወር ያለ ውጊያ መካ ገቡ። ጅዳ በ1925 ዓመቱን ሁሉ ማለት ይቻላል ተከብባ ቆየች። በተከበበች ከተማ ውስጥ ያለ ንጉሥ ወታደርና እህል እንጂ የምክር ቤት ደንብ አያስብም፤ የተባለውም ሥርዐት ሥር ሳይሰድ ቀረ። በታኅሣሥ 1925 ንጉሥ ዓሊ ከተማይቱን አስረክበው ወንድማቸው ፈይሰል ወደሚነግሡበት ወደ ኢራቅ ሄዱ።

በጥር 1926 የሒጃዝ ታላላቆች በመካ በታላቁ መስጊድ ለዐብዱልዓዚዝ በይዓ የሚባለውን የታማኝነት ቃል ገቡ፤ እርሳቸውም የሒጃዝ ንጉሥ ተባሉ። በነሐሴ መጨረሻ በዚያው ዓመት የሒጃዝ መሠረታዊ ደንብ ወጣ። ደንቡ መንግሥቱን ንጉሣዊ፣ በምክር የሚሠራ፣ እስላማዊና ነጻ ብሎ ይጠራዋል፤ መካን ዋና ከተማ ያደርጋል፤ አስተዳደሩን ሁሉ በሸሪዓ በታሰረው ንጉሥ እጅ ያኖራል። ለሒጃዝ የንጉሡ ልጅ ፈይሰል እንደራሴ ሆነው ተሾሙ፤ ከእርሳቸውም ጋር የሹራ ምክር ቤት ተቋቋመ። «በምክር» የሚለው ቃል የጅዳ ሰዎች የጠየቁት ነው፤ ሆኖም የምክር ቤቱን ሰዎች የሚመርጠው ንጉሡ ስለ ሆነ ጥያቄያቸው በስሙ ብቻ ተመለሰላቸው።

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ የአገሩን ነገር ማስታወሱ አይቀርም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተሰጠው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች አቆመ፤ አባሎቻቸውን ግን ሕዝብ አልመረጣቸውም። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የሕግ መምሪያውን ምክር ቤት ለሕዝብ ምርጫ ሰጠ፤ ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ይሁን እንጂ ሚኒስትሮቹ የሚጠየቁት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሆኖ ቀረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለምክር ቤቱ ተጠያቂ የሚያደርገው ረቂቅ የተጠናቀቀው በ1966 ዓ.ም. ክረምት ነበር፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የጅዳው ውል የዘገየበት መዘግየት በአዲስ አበባም ደረሰ።

በዓረቢያ በ1932 ሒጃዝና ነጅድ በአንድ ስም ሲጠቃለሉ አዲስ መሠረታዊ ሕግ እንዲዘጋጅ ታዝዞ ነበር። በ1953 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲቋቋም የመካው ሹራ እየደበዘዘ ሄደ። በንጉሥ ሰዑድና በወንድማቸው በፈይሰል መካከል ክርክር በተነሣ ጊዜ ግን የተጻፈ ሕግ የሌለው መንግሥት እንዴት እንደሚፈርድ ታየ። በመጋቢት 1964 የንጉሣውያኑ ቤተ ሰቦችና የሃይማኖቱ ሊቃውንት ሥልጣኑን ሁሉ ለፈይሰል ሰጥተው ለሰዑድ የንጉሥነትን ስም ብቻ ተዉላቸው። በአንደበት ሲነገር በሕግ የተወሰነ ዘውድ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ስሙን ከሥራው የለየው የቤተ ዘመድ ጉባኤ እንጂ የሕዝብ ምክር ቤት አልነበረም። አኗኗሩም ስምንት ወር አልፈጀም፤ በኅዳር 2 ቀን 1964 ሰዑድ ፈጽመው ተሻሩ። በ1932 የታዘዘው መሠረታዊ ሕግ የወጣው በ1992፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በንጉሥ ፋህድ ዘመን ነው። ሕጉ የመንግሥቱ ሕገ መንግሥት ቁርዓንና ሱና ነው ይላል፤ ለዳኝነት፣ ለአስፈጻሚና ለደንብ አውጪ ሥልጣን ሁሉ የመጨረሻ መመለሻው ንጉሡ ነው። ሹራውም እንደ ገና ቆሞ ዛሬ 150 አባሎች አሉት፤ ሁሉንም የሚሾሟቸው ንጉሡ ናቸው።

ከጅዳ የተሰደደው ቤተ ሰብ ነገር በሌላ መንገድ ሄደ። የንጉሥ ዓሊ ልጅ ዐብዱልኢላህ ለኢራቅ ዘውድ እንደራሴ ሆነው ከኖሩ በኋላ በ1958ቱ አብዮት ከወጣቱ ንጉሥ ጋር ተገደሉ። የዓሊ ወንድም የዐብዱላህ ዘር ግን በዮርዳኖስ ጸና። በዚያ በ1952 የወጣው ሕገ መንግሥት ንጉሡን ከተጠያቂነት ሁሉ ነጻ ካደረገ በኋላ፣ ትእዛዛቸው የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚመለከተው ሚኒስትር ፊርማ እንዲኖርበት አዘዘ፤ ደግሞም በቃልም ሆነ በጽሑፍ የመጣ የንጉሥ ትእዛዝ ሚኒስትሩን ከኃላፊነቱ አያድነውም ይላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትም፣ የሚሽሩትም እዚያ ንጉሡ ናቸው።