ወሰን የማያውቀው የከብት ደዌ

ከሞጆ ተነሥቶ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ላንጋኖ የሚወርድ መንገደኛ ከሐይቁ አስቀድሞ የሚያየው ከወዲያ የሚመጣውን የከብት ጭነት ነው። የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ወይም የእሑድ ዕረፍት ወደዚያ የወሰዳችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ የቦረና ወይፈኖች በካሚዮን ተጭነው በአጠገባችሁ ሲያልፉ ሳታዩ አልቀራችሁም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአዳማና በአካባቢዋ ባሉ ማድለቢያዎች ከሰነበቱ በኋላ በጅቡቲ ወደብ በኩል ባሕር ይሻገራሉ። ከከብቱ ግን አንዲት ወረቀት ትቀድማለች፤ ይህችውም የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የፈረመባት የጤና ምስክር ወረቀት ናት። የዚህች ወረቀት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ይገባናል።

በ1880 ዓ.ም. መባቻ፣ ማለት በ1887 እ.ኤ.አ.፣ ምጽዋን የያዙት ኢጣልያኖች ለጦራቸው ቀለብ የሚሆኑ ከብቶች በመርከብ አስመጡ። ከብቶቹ ከህንድ የተጫኑ እንደ ነበሩ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከእነርሱ ጋራ ስለ መጣው እንግዳ ግን የጠየቀም፣ በወደቡ ላይ የመረመረም አልነበረም። ይኸውም በአማርኛ «ደስታ» የሚባለው በሽታ ነው፤ ስሙና ግብሩ ፈጽሞ አይገናኙም። የተያዘው ከብት ያተኩሰዋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ አፉ ይቈስላል፣ ሆዱ ይሄዳል፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ይወድቃል። ደዌው ከባሕር ዳር ወደ ደጋው ወጥቶ፣ ትግሬን፣ በጌምድርን፣ ጎጃምንና ሸዋን አዳርሶ ወደ ደቡብ ወረደ። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ከዐሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይሉ ነበር። ቁጥሩ ግምት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ከዚያ የተረፈው ትውልድ ዘመኑን «ክፉ ቀን» ብሎ መጥራቱ ግምቱን የሚያጸና ይመስለኛል።

በሬ ሲሞት የሚሞተው በሬ ብቻ አይደለም። ሞፈርና ቀንበር ተሰቀለ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተደራረቡ፤ እርሻው ጦም አደረ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለሕዝቡ አርአያ እንደ ሆኑ በታሪካቸው ተጽፏል። ስለ አራሹ ይህን ያህል ተጽፎልናል። ስለ አርብቶ አደሩ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ የደረሰበት ግን ከዚያ የሚያንስ አልነበረም። አራሽ ቢያንስ በዶማ መቈፈር ይችላል፤ በወተት የሚኖር ሰው ግን ላሙ ካለቀች ምን ይይዛል? የአርሲና የቦረና ከብት በአንድ ሆራ ተሰብስቦ ጨዋማ ውሃ ይጠጣል። ደዌው ደግሞ በትንፋሽና በምራቅ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ነውና የመንጋ መገናኛ የሆነ ውሃ ሁሉ መንገዱ ነበር። ከዚያም በምሥራቅ አፍሪካ የማሳይን ከብት ፈጅቶ፣ በ1896 እ.ኤ.አ. የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፤ በሚከተለው ዓመት ከአህጉሩ ጫፍ ከኬፕ ደረሰ።

እንግዲህ መንግሥታት ስለዚህ ደዌ በአንድ ላይ ለመምከር የተነሡት መቼ ነው? በ1920 እ.ኤ.አ. ከህንድ ወደ ብራዚል የሚጓዙ ከብቶች በቤልጅግ አገር በአንትወርፕ ወደብ ሲያልፉ በሽታው እዚያ ወረደ። በማግሥቱ ዓመት በፓሪስ ጉባኤ ተደረገ። በጃንዋሪ 25 ቀን 1924 እ.ኤ.አ. ሃያ ስምንት መንግሥታት ፈርመው ዛሬ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የሚባለውን ጽሕፈት ቤት አቋቋሙ። የኢትዮጵያ ከብት ሲያልቅ ያልተቋቋመው ቢሮ ደዌው በቤልጅግ በታየ በአራት ዓመት ውስጥ መቋቋሙ አንባቢን ቢያስገርም አይፈረድበትም። ቢሆንም የተዋዋሉበት ነገር መልካም ነበር፤ በግዛቱ በሽታ የተነሣበት መንግሥት ሳይደብቅ ለሌሎቹ እንዲያስታውቅ የሚያስገድድ ነውና።

ደስታ ጨካኝ ቢሆንም ደካማ ጎኖች ነበሩት። ከብቱ አንድ ጊዜ ታሞ ከዳነ ወይም በሚገባ ከተከተበ ዕድሜ ልኩን አይመለስበትም፤ ተዋሲውም ከእንስሳ ውጭ ብዙ አይቆይም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሲሠሩ ርካሽና አስተማማኝ ክትባት አወጡ። ከ1962 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. በ22 የአፍሪካ አገሮች ታላቅ የክትባት ዘመቻ ተደረገ፤ ኢትዮጵያም ነበረችበት። በሽታው ጠፋ ማለት ሲቀር የቀረው ተረሳ፤ ገንዘቡ ተቋረጠ፣ ከታቢዎቹም ተበተኑ። ከዚያም ከተሸሸገባቸው ጥቂት ስፍራዎች ወጥቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አፍሪካን እንደ ገና አመሰ።

በ1986 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው ዘመቻ ሲጀመር ችግሩ የት እንዳለ ታውቆ ነበር። ክትባቱ ሙቀት አይችልም፤ በበረዶ ሳጥን ታሽጎ በመኪና ይሄዳል። መኪናው በማይገባበት በአፋር በረሃ ግን ከብቱ ሳይከተብ ይቀራል። ስለዚህ ያለ በረዶ አንድ ወር ያህል የሚቆይ ክትባት ተዘጋጀ። የሚከትበውም ከከተማ የተላከ ሠራተኛ ሳይሆን ከዚያው ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጠና የሠለጠነ ሰው ሆነ። በ1994 እ.ኤ.አ. በአፋር ሃያ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ከታቢዎች ከ70 ሺህ በላይ ከብት ከተቡ። መንጋው በየትኛው ወር በየትኛው ውሃ እንደሚውል ማንም አይነግራቸውም፤ የራሳቸው መንጋ ነውና። ከ1995 እ.ኤ.አ. በኋላ በዚያ ምድር በሽታው አልታየም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለእናንተ ለመዝገብ ሰዎች የቀረበ ነው። አንድ አገር ከደስታ ነጻ ለመባል መከተብን መተው ነበረበት፤ የተከተበ ከብት ደም ከታመመው ተለይቶ አይታወቅምና። የሚያድን መድኃኒት በእጅ እያለ መተው፣ ከዚያም ዓመታት ሙሉ ደም እየቀዱ፣ እየመረመሩና እየመዘገቡ መጠበቅ ቀላል ድፍረት አይደለም። ኢትዮጵያ ይህን ፈጽማ በ2008 እ.ኤ.አ. ነጻ መሆኗ ታወቀላት። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ደዌው ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። የቀረው ተዋሲ በዓለም ላይ በጥቂት ቤተ ሙከራዎች ተቈልፎበታል። ከእነርሱም አንዱ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። ወደ አዳማ ስትወርዱ የምታልፉባት ያችው ቢሾፍቱ ናት።

ሌሎቹ ደዌዎች ግን አልተቈለፈባቸውም። ባላገር ማዝ የሚለው አፍ ተግር አለ፤ የከብት ሳምባም አለ። በሴፕቴምበር 2000 እ.ኤ.አ. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን ተነሥቶ ሰውም ከብትም ፈጀ። ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው ከኬንያው ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ከእኛው ሐይቆች ጋራ ማንም እንዳያያይዘው። በሽታው በኢትዮጵያ መነሣቱ ሳይመዘገብ፣ የዐረብ ገዢዎች ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን ከብት ሁሉ ከለከሉ። የእኛ አርብቶ አደር ገበያ የታጠፈበት ከብቱ ስለ ታመመ አልነበረም፤ የጤናው ምስክርነት በገዢው ዘንድ ስላልታመነ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ የከብት ማቆያና መመርመሪያ ጣቢያ የተከፈተው ይህን እምነት ለመመለስ ነው።

አሁን ደግሞ የዓለም መንግሥታት የደስታ ዘመድ የሆነውን የበግና የፍየል ደስታ በ2030 እ.ኤ.አ. ከምድር ለማጥፋት ተነሥተዋል። ክትባቱ በቢሾፍቱም ይመረታል፤ አሠራሩም ከፊተኛው የተወረሰ ነው። ነገር ግን ፍየል እንደ በሬ አይደለችም፤ ቶሎ ትወልዳለች፣ ቶሎም ትሸጣለች። ዘንድሮ የተከተበው መንጋ ከጥቂት ዓመት በኋላ ብዙው ክትባት ያላየ ግልገል ሆኖ ይገኛል፤ ከታቢውም ወደዚያው ውሃ ዳር ደግሞ ደጋግሞ መመለስ ይኖርበታል።