ምጽዋትና ድርሻ

ሰው የሚበላውን ባጣ ጊዜ የሚሰጠው ነገር ምጽዋት ነው ወይስ ድርሻው? ይህን ጥያቄ እንዳስብ ያደረገኝ መጽሐፍ አይደለም፤ በደራ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ናቸው እንጂ። ታሪኩን ለወጣት አንባቢ ብነግር ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

ደራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የዶዶታ ወረዳ ከተማ ናት። ከበላይዋ የአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ ያፈራል፤ በእርስዋ ዙሪያ ያለው የቆላ ገበሬ ግን ዝናም በዘገየ ቍጥር ሰማይ ሰማይ ያያል። የዱሮ ሰዎች ለችግር መላ ነበራቸው። በኦሮሞ ዘንድ ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ከብቱ ያለቀበት ሰው ሲኖር ጎሣው አዋጥቶ ያቋቁመዋል። ተቀባዩም አያፍርም፤ ነገ እርሱ ደግሞ ለሌላው ያዋጣልና። ነገር ግን ድርቅ ጎረቤትን ሁሉ በአንድነት ሲመታ ማን ለማን ያዋጣል? ያን ጊዜ የመንግሥት እጅ ያስፈልጋል።

ይህ እጅ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶአል። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመው ብዙ የወሎ ሕዝብ በረኀብ ካለቀ በኋላ ነው። በ1977 ዓ.ም.ም እርዳታው የደረሰው ከብዙ እልቂት በኋላ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ በሆነ ጊዜ፣ በየዓመቱ ከመለመን ይልቅ አስቀድሞ የታወቀ ድጎማ ማዘጋጀት ይሻላል ተባለ። ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ፤ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ታቀፈ። ጉልበት ያለው በወር 5 ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ በመጀመሪያ የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ጉልበት የሌለው አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ግን ሳይሠራ ይቀበል ነበር። በ2009 ዓ.ም. ነገሩ ወደ ከተሞች ሲዘረጋ አዳማ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ሆነች።

እኔም በደራ አቅራቢያ ባለ አንድ ቀበሌ ስም መዝጋቢ ሆኜ ነበር። ከላይ የመጣው ቍጥር ሲሞላ መዝገቡን ዘጋሁ። በማግስቱ አንዲት ባልቴት ምርኵዛቸውን ይዘው መጡና፣ «ልጄ፣ የእኔን ስም ስለ ምን ተውኸው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ኮታው ሞልቷል» አልኋቸው።

«እኔ ግን አልበላሁም» ብለው ተመለሱ።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነበረ፤ ነገር ግን ቍጥሩ አይጨመርምና የእርሳቸውን ስም ለማስገባት የሌላውን ድኻ ስም መፋቅ ያስፈልግ ነበር። ያን ጊዜ ልዩነቱ ገባኝ። ስጦታ ሰጪው ባበቃበት ያበቃል፤ መብት ግን የተረሳው ሰው ቆሞ የሚጠይቅበት ነው።

እንግሊዛዊው ቶማስ ፔይን በ1797 እ.ኤ.አ. ምድር አስቀድሞ የሁሉ ነበረችና፣ ሰው ሁሉ 21 ዓመት ሲሞላው 15 ፓውንድ፣ ከ50 ዓመቱም ጀምሮ በየዓመቱ 10 ፓውንድ በመብቱ ይቀበል ብሎ ጽፎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዛል።

«ገንዘብ በነጻ ከተሰጠ ሕዝቡ ይሰንፋል» የሚሉ አሉ። ምርኵዝ የያዘችን ባልቴት ከየትኛው ሥራ እናሰንፋታለን? «አገሪቱ ድኻ ናት» የሚሉም አሉ፤ ይህስ እውነት ነው። ነገር ግን ድኽነት ድርሻን ያሳንሳል እንጂ ድርሻን ምጽዋት አያደርግም። ጥቂትም ቢሆን የማይቋረጥና ለሚገባው ሁሉ የሚደርስ ይሁን።

ወጣት ሆይ፣ አንድ ቀን መዝገብ በእጅህ ይገባ ይሆናል። እኔ ዛሬ ብሆን ኖሮ የእኒያን ባልቴት ስም ከኮታው በታች እጽፈው ነበር። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ምን እንደ ቀረበት፣ ቍጥሩን የሚወስኑት ሊያውቁ አይችሉምና።