ምክር ቤቱ የማን ነበር?

ኢስሊ ውስጥ ንግድ ምክር ቤት ሲባል ብዙዎቻችን የመንግሥት ቢሮ ይመስለናል። ባለቤቱ ነጋዴው ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚደራጅ የሚወስነው ግን ሕጉ ነው።

ኬንያ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 1965 ድረስ የአውሮፓውያን፣ የእስያውያንና የአፍሪካውያን የሚባሉ ሦስት ምክር ቤቶች ነበሩ። ነጋዴ በቆዳው ተለይቶ! በዚያ ዓመት ተዋህደው አንድ ብሔራዊ ምክር ቤት ሆኑ፤ ዛሬ በየካውንቲው ቅርንጫፍ አለው።

የእኛ አገር ታሪክ ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን በሕግ ተቋቋመ። ደርግ ፋብሪካውንና ትርፍ ቤቱን ከወረሰ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 148 ምክር ቤቶቹን እንደገና አዋቀራቸው፤ ትልልቁ ንግድ በመንግሥት እጅ ሆኖ ምክር ቤቱ በማን ስም ይናገር እንደነበር እናንተው ገምቱ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 341 ያንን ሽሮ፣ ከታች ከወረዳና ከከተማ ተነስቶ በክልል በኩል እስከ አገር አቀፍ የሚደርስ መዋቅር ዘረጋ፤ የዘርፍ ማኅበራትንም ጨመረ።

ዕቃ ወደ ውጭ ሲላክ ገዢው የሚጠይቀውን ተራውን የስሪት አገር የምስክር ወረቀት እዚያም እዚህም የሚሰጠው ምክር ቤት ነው። ታዲያ ሞያሌ ላይ ፈቃድ አውጥቶ ኢስሊ ሱቅ የከፈተ ሰው የየትኛው አባል ይሁን? እኔ የሁለቱም ባይ ነኝ፤ ግብሩን በሁለቱም ይከፍላልና።