ቶዮታ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር

1ኤንዜድ-ኤፍኢ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ለአነስተኛ መኪኖቹ ያመረተው ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው። በፕላትዝ፣ በኢኮ፣ በያሪስ፣ በፕሮቦክስና በአንዳንድ ኮሮላዎች ላይ ተገጥሟል። ቪትዝ የተባለ የቶዮታ መኪና ሁሉ ግን ይህን ሞተር አይዝም፤ ብዙዎቹ ባለ 1.0 ወይም 1.3 ሊትር ናቸው።

ይዘቱ 1497 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 84.7 ሚሊ ሜትር፣ የእመቃ ምጣኔው 10.5 ለ 1 ነው። ሁለት ካምሻፍትና 16 ቫልቭ አለው፤ ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው ቺንጋ ሳይሆን ሰንሰለት ነው። ጉልበቱ እንደየመኪናው ቢለያይም ከ105 እስከ 110 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይደርሳል። ይህ ግን ከባሕር ወለል ብዙ ላልራቀ ቦታ ነው። አየሩ በሳሳበት አዲስ አበባ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ የእንጦጦ ዳገት ላይ መድከሙ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም።

የዚህ ሞተር ጤና የሚታወቀው በዘይቱ ነው። ከነፊልትሮው ሲቀየር የሚይዘው 3.7 ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሊትር ሲጎድል ከሩብ በላይ ሄደ ማለት ነው። የሰንሰለቱ መወጠሪያም ሆነ የመግቢያ ቫልቮችን ጊዜ የሚያስቀድመውና የሚያዘገየው ቪቪቲ-አይ የሚሠሩት በዚሁ ዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ሳይቀየር ሲቆይ ዝቃጩ የቪቪቲ-አይን ቀጭን ወንፊት ይደፍናል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ይንገዳገዳል፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱም ይበራል። ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳ ድምፅ ከተሰማ የተለጠጠ ሰንሰለት ወይም የደከመ መወጠሪያ ይጠረጠራል።

ብዙ በተነዱት ላይ የሚታየው ዋና ችግር ዘይት መብላት ነው። ዘይት ጠራጊው የፒስተን ፋሻ በካርቦን ተጣብቆ መላላት ሲያቅተው ዘይቱ ወደ ማቃጠያው ያልፋል፣ ጭሱም ወደ ሰማያዊ ያደላል። አንዳንድ ባለቤቶች ወፍራም ዘይት በመጨመር ያስታግሱታል፤ ፋሻውን ግን አያላቅቀውም።

ብሎኩ አሉሚኒየም ሲሆን በውስጡ ያሉት የብረት እጅጌዎች ስስ ናቸው። እንደ ቀድሞዎቹ የብረት ብሎኮች ሲሊንደሩን አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ለመክተት አልታሰበም። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከተጫረ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ያገለገለ ሙሉ ሞተር መግጠም ነው።

ቀሪዎቹ ብልሽቶች ቀላል ናቸው፦ የቆሸሸ የአየር መግቢያ፣ የሞተ ቦቢና፣ የሚያንጠባጥብ የውሃ ፓምፕ።