የአልጋ ዋጋ በቦረና መስመር፤ የኢንተርኔቱን ዋጋ ከሆቴሉ ጋር ስለማመሳሰል

ለመስክ ሥራ፣ ለስብሰባ ወይም ለጉብኝት ወደ ቦረና የሚወርድ የከተማ ሰው አልጋ የሚይዝባቸው ሁለት ገበያዎች አሉ። አንደኛው እንደ ቡኪንግ ዶት ኮምና ኤክስፒዲያ ያሉ የኢንተርኔት ወኪሎች ገበያ ሲሆን፣ ሁለተኛው በስልክ ወይም እንግዳ መቀበያው ዘንድ ቆሞ በመነጋገር የሚካሄደው ነባሩ ገበያ ነው። የሁለቱ ዋጋ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። አንዳንዴ የኢንተርኔቱ ይረክሳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሆቴሉ በር ላይ የሚጠይቀው ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ የተረዳ እንግዳ ሆቴሉን ሳያስቀይም ተመሳሳይ፣ ሲሆንም የተሻለ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የዋጋ ማመሳሰል አሠራር ምን እንደሆነ፣ በአገራችን በተለይም ከያቤሎ እስከ ተልተሌ ባሉት ከተሞች እንዴት እንደሚሠራና እንደማይሠራ ያብራራል።

ወኪሉ ምን ያህል ይወስዳል?

የኢንተርኔት ወኪል በእኛ አባባል ደላላ ነው። የራሱ አልጋ የለውም፤ እንግዳና ሆቴል አገናኝቶ ኮሚሽን ይቀበላል። በዚህ ሥራ ዋነኛ የሆኑት ሁለቱ ድርጅቶች፣ አምስተርዳም ላይ የተመሠረተው ቡኪንግና በማይክሮሶፍት ኩባንያ ውስጥ የተጀመረው ኤክስፒዲያ፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመሩ ናቸው። የቡኪንግ ኮሚሽን እንደየአገሩና እንደየውሉ ቢለያይም በአማካይ 15 በመቶ አካባቢ ነው። ስሙ ከሌሎች በላይ እንዲታይለት የሚፈልግ ሆቴል ከዚህም በላይ ይከፍላል።

ነገሩን በቀላል ስሌት እንየው። አንድ ክፍል በኢንተርኔት 3,000 ብር ተለጥፎ፣ ኮሚሽኑም 15 በመቶ ቢሆን ወኪሉ 450 ብር ይወስዳል፤ ለሆቴሉ የሚቀረው 2,550 ብር ነው። እንግዳው በቀጥታ ደውሎ 2,750 ብር ቢከፍል እሱ 250 ብር ያተርፋል፤ ሆቴሉም በወኪሉ በኩል ከሚያገኘው 200 ብር ጨምሮ ይቀበላል። ስለዚህ ከ2,550 በላይና ከ3,000 በታች ያለው ማንኛውም ዋጋ ለሁለቱም ወገን ጥቅም አለው። “የኢንተርኔቱን ዋጋ አመሳስሉልኝ” የሚለው ጥያቄ ልመና ሳይሆን ተገቢ የንግድ ድርድር ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆቴሎች ለምን ዝቅ ለማድረግ ይፈሩ ነበር?

ለብዙ ዓመታት ወኪሎቹ ከሆቴሎች ጋር በሚፈራረሙት ውል ውስጥ የዋጋ እኩልነት አንቀጽ ያስገቡ ነበር። አንቀጹ ሆቴሉ በራሱ ድረ ገጽም ሆነ በሌላ ወኪል በኩል ለወኪሉ ከሰጠው ዋጋ ዝቅ አድርጎ እንዳይሸጥ የሚያስር ነው። የወኪሎቹ መከራከሪያ እንግዳው በእነሱ ገጽ ላይ ሆቴሉን አግኝቶ፣ ሥዕሉን ዓይቶና አስተያየቱን አንብቦ ሲያበቃ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ቢሄድ ድካማቸው ሜዳ ላይ ይቀራል የሚል ነው። የሆቴሎቹ መልስ ደግሞ በገዛ ቤታችን ዋጋ እንዳንቆርጥ ተከለከልን የሚል ነበር።

ክርክሩ አውሮፓ ውስጥ በሕግ እየተፈታ መጥቷል። የጀርመን የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2013 ኤችአርኤስ የተባለውን ወኪል አንቀጽ ሲያግድ፣ በ2015 ደግሞ የቡኪንግን አግዷል። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የስዊድን ባለሥልጣናት አንቀጹ እንዲጠብ አስማምተዋል። በዚህ ስምምነት መሠረት ሆቴሉ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ መለጠፍ ባይችልም፣ በስልክ ለጠየቀው ወይም ደጁ ለደረሰ እንግዳ ግን መቀነስ ይችላል። በመጨረሻም ቡኪንግ በአውሮፓ የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ሥር ከገባ በኋላ በ2024 አንቀጹን በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውስጥ አንስቷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በመስከረም 2024 በሰጠው ውሳኔ እንዲህ ያለው አንቀጽ ለወኪልነት ሥራ የግድ አስፈላጊ ነው ተብሎ ከውድድር ሕግ ሊያመልጥ እንደማይችል አስታውቋል።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው አንድ ቁም ነገር አለ። ውሉ ሲጠብቅም ሲላላም በሕዝብ ፊት በተለጠፈ ዋጋና ለአንድ እንግዳ በስልክ በሚነገር ዋጋ መካከል ልዩነት አለ። ኢንተርኔት ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ለመለጠፍ የሚያመነታ ሆቴል ስልክ ለደወለለት ሰው ለመቀነስ ብዙም አያመነታም።

ትልልቆቹ ሆቴሎች

እንደ ሂልተንና ማሪዮት ያሉ ዓለም አቀፍ ሆቴሎች ማመሳሰሉን ራሱን የቻለ ዋስትና አድርገውታል። በእነሱ ድረ ገጽ ክፍል የያዘ እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ሌላ ቦታ የረከሰ ዋጋ ካሳየ ዋጋው ይመሳሰልለታል፤ ተጨማሪ ጥቅምም ይሰጠዋል። ሂልተን ካመሳሰለ በኋላ 25 በመቶ ይቀንሳል። ሁኔታው ግን ጥብቅ ነው። ሆቴሉ፣ የክፍሉ ዓይነት፣ ቀኑ፣ የእንግዳው ብዛት፣ የመሰረዣ ደንቡ ሁሉ አንድ መሆን አለበት። ቁርስን የጨመረ ዋጋ ቁርስ ከሌለው ጋር፣ የማይመለስ ክፍያም ከሚመለሰው ጋር አይነጻጸርም።

ይህ ዋስትና አዲስ አበባ ላይ ለሚያድር ሰው ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ያቤሎ ግን የሚቀርበው ቅጽም ሆነ ቅጹን የሚመረምር ክፍል የለም። ያም ሆኖ መርሁ እዚያም ይሠራል፤ የሚነጻጸረው ነገር አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

በአገራችን ልዩነት የሚፈጥሩት

አንደኛው ታክስና ሰርቪስ ቻርጅ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚታየው ዋጋ አንዳንዴ ሁሉንም ያጠቃለለ ነው፤ ሆቴሉ በስልክ የሚናገረው ደግሞ ያልተጨመረበት ሊሆን ይችላል። 2,000 ብር የተባለ አልጋ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመርበት 2,200፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲሰላ 2,530 ብር ይሆናል። ይህን ሳያጣራ “እናንተ ዘንድ ረከሰ” ብሎ የተደሰተ እንግዳ ሒሳብ ሲቀርብለት ይደነግጣል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተመዘገበ ማረፊያ ቤት ታክሱን የመሰብሰብ መብት እንደሌለውም ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የምንዛሪ ጉዳይ ነው። የብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኢንተርኔት ላይ በ30 ዶላር የተለጠፈ ክፍል 1,710 ብር የነበረው ከ3,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። የሆቴሉ የብር ዋጋ ግን በዚያ ፍጥነት ላይጨምር ይችላል። ስለዚህ በዶላር የተለጠፈ ዋጋ ያየ አገር ውስጥ ያለ ሰው በብር ስንት እንደሆነ ሳይጠይቅ መክፈል የለበትም።

ሦስተኛው በተለምዶ “የፈረንጅና የሐበሻ ዋጋ” የሚባለው ነው። በቱሪስት መስመር ላይ ያሉ ብዙ ሆቴሎች ለውጭ አገር ዜጋ ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣሉ። ለዓለም ገበያ የተከፈተው የኢንተርኔት ገጽም ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ኢትዮጵያዊ እንግዳ በዚያ ገጽ ሲይዝ ሳያውቀው የፈረንጁን ዋጋ ይከፍላል። እዚህ ላይ “አመሳስሉልኝ” ማለት ራስን መጉዳት ነው።

አራተኛው የቆየ መረጃ ነው። አንዴ ተለጥፎ የተረሳ ዋጋ ዛሬ ሆቴሉን አይወክልም። እንግዳው በስልክ ሳያረጋግጥ ቢሄድ አልጋው ተይዞ ወይም ዋጋው ተለውጦ ሊያገኘው ይችላል።

ከያቤሎ እስከ ተልተሌ

ያቤሎ ከአዲስ አበባ - ሞያሌ ዋና መንገድ ጥቂት ገባ ብላ የምትገኝ የቦረና ዞን መቀመጫ ነች። እንግዶቿም ልዩ ልዩ ናቸው። ወደ ሞያሌ የሚያልፉ ነጋዴዎችና ሾፌሮች፣ ለስብሰባ የሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የዕርዳታ ድርጅት ባልደረቦች፣ የኤልሶድን የጨው ሐይቅና የቦረናን የኤላ ጉድጓዶች የሚጎበኙ ቱሪስቶች እንዲሁም በዓለም ላይ በዚህ አካባቢ ብቻ የሚገኘውን የቁራ ዘር ለማየት የሚመጡ የወፍ ተመልካቾች ይገኙባቸዋል። ነገሌ ቦረና ደግሞ በሌላው መስመር፣ በሻሸመኔና በክብረ መንግሥት በኩል ወደ ፊልቱና ዶሎ የሚያልፈው ሰው ማረፊያ ነች።

ከያቤሎ በስተምዕራብ፣ ከኮንሶ ጋር ወደምትጎራበተው ተልተሌ ሲኬድ ገበያው ይለወጣል። እንደ ተልተሌ ባሉ ትናንሽ ከተሞች አልጋ የሚያዘው በሰው በሰው፣ በስልክና በአካል ነው። የሚመሳሰል የኢንተርኔት ዋጋ በሌለበት ቦታ እንግዳው ማነጻጸሪያ የሚያደርገው የጎረቤት ማረፊያ ቤቱን ዋጋና ባለፈው ሳምንት የሄደው ባልደረባው የከፈለውን ነው። ይህም ቢሆን ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው።

በዚህ አካባቢ የአልጋን ዋጋ ከኮሚሽን በላይ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ውኃና መብራት ነው። ውኃ በቦቴ የሚያስመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የሚያስነሳ ሆቴል ወጪው ከሌላው ይበልጣል። 300 ብር ረክሶ ሻወሩ ጠብ የማይል ክፍል ርካሽ አይደለም። ሁለተኛው የአበል ጉዳይ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ተስተጓጉለው የቦረና አርብቶ አደር ከብቱ ባለቀበት ጊዜ፣ ለዕርዳታና ለጥናት የሚንቀሳቀሱ ቡድኖች ወደ ዞኑ ተጉዘዋል። በየስምንት ዓመቱ የሚደረገው የገዳ ሥልጣን ርክክብም፣ በ2017 ዓ.ም. እንደተደረገው ሁሉ፣ እንግዳ በብዛት የሚያመጣ ነው። አልጋ ጥቂት፣ እንግዳ ብዙ በሚሆንበት ጊዜ ዋጋው ከፍተኛ አበል ወዳለው ሰው ይጠጋል። የመንግሥት ሠራተኛው አበል ግን በመመሪያ የተወሰነ ስለሆነ ልዩነቱን ከኪሱ ይሞላል፤ አለዚያም ለሁለት አንድ ክፍል ይይዛል። ለሕክምና ወደ ከተማ የመጣ የገጠር ሰውም የሚወዳደረው ከዚሁ ዋጋ ጋር ነው።

እንዴት ይጠየቃል?

የመጀመሪያው ሥራ የኢንተርኔቱን ዋጋ ከነዝርዝሩ መያዝ ነው። ቀኑን፣ የክፍሉን ዓይነት፣ ቁርስ መኖር አለመኖሩንና ታክስ መጠቃለሉን ጽፎ ወይም የስልኩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ይገባል።

ቀጥሎ ለሆቴሉ ራሱ መደወል ነው። የሚቻል ከሆነ ማታ የሚያድረውን ተረኛ ሳይሆን ባለቤቱን ወይም ሥራ አስኪያጁን ማነጋገር ይመረጣል፤ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን ያለው እሱ ነው። በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ መጀመር ለሚችል ሰው ግማሹ መንገድ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ከሰላምታ በኋላ አነጋገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ “ክፍላችሁን በኢንተርኔት በ3,000 ብር አይቼዋለሁ። በእነሱ በኩል ብይዝ ኮሚሽን ትከፍላላችሁ። በቀጥታ ከእርስዎ ብይዝ በስንት ይሰጡኛል?” ጥያቄው ቁጥሩን ለሆቴሉ ይተዋል፤ ባለቤቱንም አያዋርድም።

ገንዘብ መቀነስ የማይፈልግ ሆቴል በዓይነት ሊክስ ይችላል። ቁርስ መጨመር፣ የተሻለ ክፍል መስጠት፣ ለሾፌሩ አልጋ በቅናሽ ማድረግ፣ መኪናው ግቢ ውስጥ እንዲያድር መፍቀድ የተለመዱ ናቸው። ከሦስት ሌሊት በላይ የሚቆይ ወይም ቡድን ይዞ የሚመጣ ሰው ደግሞ ኢንተርኔቱን ሳይጠቅስም ቅናሽ መጠየቅ ይችላል።

ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ስምምነቱን በጽሑፍ መልዕክት ማስላክ ያስፈልጋል። ቀብድ ከተጠየቀ በቴሌብር ወይም በባንክ መላክ ማስረጃ ስለሚተው ይመረጣል። በጉዞው ቀንም ረፋዱ ላይ ደግሞ መደወል ደግ ነው፤ በዚህ መስመር አምሽቶ የሚደርስ እንግዳ አልጋው ለሌላ ተሰጥቶ ሊያገኘው ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። “ደረሰኝ ካልፈለጉ እንቀንሳለን” የሚለው ቅናሽ ማመሳሰል አይደለም፤ የታክስ ስወራ ነው። ከተከፈለው በላይ ደረሰኝ ማጻፍም እንዲሁ መሥሪያ ቤትን ማጭበርበር ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ደንግጓል። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዋጋ የድርድሩ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቅ እንግዳ ወደ ግድግዳው ማመልከት ይበቃዋል።

ወኪሉን መቼ እንጠቀም?

ይህ ሁሉ ሲባል ወኪሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ስሙን የማያውቁትን ሆቴል ያስተዋውቃል፤ የሌሎችን አስተያየት ያሳያል፤ ከውጭ አገር በካርድ ለሚከፍል ሰውም ያመቻል። ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ቦታ ለሚፈልግ፣ የጉዞው ቀን ላልቆረጠለት ሰው ከስልክ ይልቅ እሱ ይሻላል። በወኪሉ በኩል የያዘ ሰው ግን ችግር ሲገጥመው፣ ለምሳሌ ቀን ማራዘም ወይም ገንዘብ ማስመለስ ሲያስፈልገው፣ ሆቴሉ “ወኪልዎን ይጠይቁ” ሊለው እንደሚችል ማወቅ አለበት።

በምሳሌያችን ላይ ያለው 450 ብር በወኪሉ በኩል ሲያዝ በኮሚሽን መልክ ከአገር ይወጣል። በቀጥታ ሲያዝ ግን በእንግዳውና በያቤሎው ሆቴል መካከል ይከፋፈላል። የተልተሌው ማረፊያ ቤት ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ስሙ ቢኖርም ባይኖርም፣ ዋጋውን በግድግዳ ላይ ቢለጥፍና ስልኩን ቢያነሳ እንግዳ ለማግኘት የሚያስፈልገውን አብዛኛውን አሟልቷል።