የታራሚ መዝገብና የማረም ሥራ በባሌ

በሮቤ፣ በጎባም ሆነ በሼክ ሁሴን አካባቢ በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘና የተፈረደበት ሰው ስሙ በፖሊስ ጣቢያ፣ በፍርድ ቤትና በማረሚያ ቤት መዝገቦች ይሠፍራል። በመዝገቦቹ መካከል የሚፈጠር የቀን ልዩነት በታራሚው ነጻነት ላይ ያርፋል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሲደነግግ፣ ለጉዞ የሚያስፈልገውን ጊዜ በስሌቱ አያስገባም። ከከተማ በራቁ ቀበሌዎች ድንጋጌው መከበሩን ማረጋገጥ የሚቻለው የተያዘበት ሰዓትና ቦታ ሲመዘገብ ብቻ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 እንደሚያመለክተው፣ ከእሥራት ቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ የዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት የፈጸመ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ለምሳሌ 9 ዓመት የተፈረደበት ሰው ጥያቄው የሚታየው 6 ዓመት ሲሞላው ነው። በፖሊስ ጣቢያ የቆየባቸው 3 ወራት ሳይቆጠሩለት ቢቀሩ ጉዳዩ በዚያው መጠን ይዘገያል። ሕጉ ከጊዜው በተጨማሪ ታራሚው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን፣ ያደረሰውንም ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱን ይጠይቃል። የሥልጠናና የሥነ ምግባር ማኅደሩ እንግዲህ በፍርድ ቤት ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በ2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦችም የታራሚው ማንነት፣ የታሠረበት ምክንያት፣ የገባበትና የወጣበት ቀንና ሰዓት እንዲመዘገብ ያዛሉ። በባሌ ለማንነቱ ጉዳይ የተለየ ጥንቃቄ ያሻል። ሁሴን የሚለው ስም እጅግ የተለመደ በሆነበት አካባቢ የአባት ስም ብቻውን ሁለት ታራሚዎችን ላይለይ ይችላልና፣ የአያት፣ የእናትና የቀበሌ ስም መጨመር ይገባዋል።

አኃዝ ሲነጻጸርም የአስተዳደር ወሰን ለውጥ መታየት አለበት። ሼክ ሁሴን የሚገኝበት ጎሎልቻ ወረዳ ቀደም ሲል በባሌ ዞን ሥር የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ በምሥራቅ ባሌ ዞን ተካቷል። የባሌ ዞን ቁጥር ቢቀንስ ወንጀል ቀነሰ ማለት ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ደካማ ሆኖ የሚታየው የተሐድሶ ሥልጠና ሪፖርት ነው። «ይህን ያህል ታራሚዎች ሠለጠኑ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሥልጠናውን ውጤት አያሳይም። ስንዴና ገብስ በሚመረትበት ደጋ የግብርና ወይም የእንጨት ሥራ ሙያ የተማረ ሰው ከተፈታ ከአንድ ዓመት በኋላ ሥራ ማግኘቱን፣ መሬት ወይም የሥራ መሣሪያ እንዳለው፣ ዳግም ተከስሶ እንደሆነም የሚጠይቅ ቅጽ ያስፈልጋል። ይህን መከታተል የሚችለው ማረሚያ ቤቱ ብቻውን ሳይሆን ታራሚው የተመለሰበት ቀበሌ አስተዳደር ጭምር ነው።